ሳይለካ የሚቀየር ዕቃ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጋራዥ አገልግሎት የሚጻፈው ቅሬታ አብዛኛው ፀባይ ላይ ያተኩራል። ስልክ አያነሱም፣ «ነገ ና» ያበዛሉ፣ ሲጠየቁ ይቆጣሉ፣ ሒሳቡ ከተነገረው በላይ ይመጣል። ሁሉም እውነት ነው። ሙያው ላይ ላለን ሰዎች ግን በደሉ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ወንበር አቅርቦ፣ ፈገግ ብሎ የተቀበለ ጋራዥ ደህናውን ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላውን) አውልቆ ሌላ ከገጠመ ደንበኛው ያው ተበድሏል፤ እንዲያውም አፉ የጣፈጠ ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። መኪናው በሳምንቱ ያንኑ ብልሽት ይዞ ሲመለስ ነው ስልኩ መነሳት የሚያቆመው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስለ ልኬት ነው።

መኪና ሲገባ መጻፍ ያለበት የሚታየውና የሚሰማው ምልክት ነው። በብዙ የመቀበያ ወረቀት ላይ የሚነበበው ግን «ፍሬን ይታይ»፣ «ድምፅ አለው»፣ «ሰርቪስ» ብቻ ነው። መካኒኩ በዚህ ምን ይፈልግ? ድምፅ አለው የተባለው መኪና ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ድምፅ አያሰማም። በዚያ ፈንታ «ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲነዳ ጉም የሚል ድምፅ አለው፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይቀንሳል፣ ፍሬን ሲያዝ አይለወጥም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያነበበው ባለሙያ መኪናውን በክሪክ ሳያነሳ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታን (ጎማው ተደግፎ የሚዞርበትን) ይጠረጥራል። ወደ ግራ ሲታጠፍ የመኪናው ክብደት በቀኝ በኩል ስለሚጫን ነው። መሪው እስከ ጥጉ ተጠምዝዞ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው የሞተሩን ኃይል ለጎማው ወደሚያስተላልፈው መጋጠሚያ፣ ወደ ሲቪ ጆይንት ይዞራል።

ይህን ለማግኘት የሚጠየቀው ጥያቄ ጥቂት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ስንት ፍጥነት ላይ? ነዳጅ ሲረገጥ ነው ሲለቀቅ? ኤሲ ሲበራ ይለወጣል? ከሁሉም የሚበልጠው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ ከዚህ በፊት ምን ተሠርቶለታል? ትናንት ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) የተቀየረለት መኪና ዛሬ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ መታየት ያለበት ትናንት እጅ የገባበት ቦታ ነው፤ በደንብ ያልተሰካ ሶኬት ወይም ሲነቀል የተሰነጠቀ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው) ሊሆን ይችላል። ከዚያ ባለመኪናው መሪ ይዞ፣ መካኒኩ አጠገቡ ተቀምጦ 10 ደቂቃ መንዳት ነው። ይህች 10 ደቂቃ ሥራ ስለማትመስል ብዙ ጋራዥ ይዘላታል።

አሁን ወደ መኪናው ኮምፒውተር እንምጣ፤ ዛሬ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው። ቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ የማንበቢያ መሣሪያ ይሰካል፣ የብልሽት ኮድ ይነበባል፣ ወዲያው «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» ይባላል። ኮድ ግን የዕቃ ስም አይደለም። ፒ0171 የሚለውን እንውሰድ። ኮምፒውተሩ የሚለው «ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል፤ ብጨምርም አልስተካከል አለኝ» ነው። ይህን ወሬ ያመጣለት በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ወሬ አምጪው ተነቅሎ ይጣላል።

በዚያው መሣሪያ ላይ ፊውል ትሪም የሚባል ቁጥር አለ፤ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል። በጤናማ ሞተር ላይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 በመቶ ያለው ብዙ አያሳስብም። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ቁጥሩ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ወጥቶ፣ ነዳጅ ተረግጦ ዙሩ በደቂቃ ወደ 2500 ሲደርስ የሚወርድ ከሆነ አየር የሚሰርቅ ቦታ አለ ማለት ነው። የተሰነጠቀ የቫኩም ቱቦ ወይም የላላ የኢንቴክ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ ይፈለጋል። የሚሰርቀው ቀዳዳ መጠኑ አንድ ነው፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ስለሚያንስ ነው ቁጥሩ የሚወርደው። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በከፍተኛ ዙር የሚጨምር ከሆነ የነዳጅ ፖምፓው ደክሟል፣ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም የአየር መጠን የሚለካው ኤር ፍሎው ሴንሰር ቆሽሿል። ኤር ፍሎው ሴንሰር ደግሞ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ታጥቦ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለት ንባብ ብቻ ነው የተወሰደው፤ አንድም ዕቃ አልተገዛም።

ፒ0301 ከሆነ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል እየተኮሰ አይደለም። በየሲሊንደሩ ኮይል ያለው መኪና ከሆነ የአንደኛውን ኮይል አውጥቶ ሁለተኛው ላይ መሰካት፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው ማምጣት ነው። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ባለበት ከቆመ ካንዴላው በተመሳሳይ መንገድ ይዛወራል። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ነዳጅ ወደሚረጨው ኢንጀክተርና ወደ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ልኬት ይኬዳል። ይህን ሳያደርጉ አራቱንም ኮይል ከነካንዴላው የሚቀይሩ አሉ። መኪናው ሊድን ይችላል፤ ግን ሦስት ደህና ኮይሎች ተጥለዋል፣ ደንበኛውም የትኛው እንደነበር አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደው ኮዱን ወዲያው ማጥፋት ነው። መብራቱ ጠፋ፣ ደንበኛው ተደሰተ፣ ከፍሎ ሄደ። ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ ፍሪዝ ፍሬም የሚባል ቅጽበታዊ መረጃ ያስቀምጣል፦ በዚያች ሰዓት ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ የሞተሩ ሙቀት ስንት ነበር፣ ዙሩስ፣ ጭነቱስ። ኮዱ ሲጠፋ ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ያጠናቀቃቸው ፍተሻዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ። መኪናው ሌላ ጋራዥ ሲሄድ የሚቀጥለው ባለሙያ ባዶ ሰሌዳ ያገኛል። ስለዚህ ኮዱና ፍሪዝ ፍሬሙ መጀመሪያ ይጻፍ ወይም በስልክ ፎቶ ይነሳ። ደንበኛም «ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ፎቶ አንሱልኝ» የማለት መብት አለው።

ጠዋት አልነሳ ያለ መኪና ሌላው የግምት ሜዳ ነው። ባትሪ ይቀየራል፤ በሳምንቱ ዲናሞ፤ ቀጥሎ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ። ቅደም ተከተሉን በአንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) መጨረስ ይቻላል። መኪናው አርፎ ካደረ በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው የያዘው። ቁልፍ ሲዞርና ሞተሪኖው ሲሽከረከር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው፤ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ እንደገና ይለካል። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ የዲናሞውን ቮልት ስለሚያወጣና ስለሚያወርድ በአንድ ንባብ ብቻ «ዲናሞው ሞቷል» ብሎ መፍረድ አይቻልም። ሁልጊዜ የሚረሳው ባትሪውን ከሞተሩና ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው የመሬት ገመድ ነው። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ሆኖ ሞተሪኖው ሲሽከረከር ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ዝጓል። ያንን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ነው፤ ዕቃ አይገዛም። መኪናው ቆሞ ባትሪ የሚጨርስ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በር ተቆልፎ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ተጠብቆ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ይለካል። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዝ እየነቀሉ የትኛው መስመር እንደሚበላ ማግኘት ነው። ሥራው ጊዜ ይፈጃል፤ የሚከፈልበትም ለዚህ ነው።

ሙቀት የጨመረ መኪና ሲመጣ «ጓርኒሲዮን በልቷል፣ ቴስታታ ይውረድ» የሚለው ፍርድ ቶሎ ይመጣል፤ ቴስታታ የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮኑም በሥሩ ያለው ማሸጊያ። ቴስታታ ማውረድ ትልቅ ሥራ ስለሆነ ከመፈታቱ በፊት ማስረጃ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የሚሞቅበት ሁኔታ ይጠየቅ። መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆም ሞቆ ሲነዳ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፋኑ፣ ፊውዙ ወይም ፋኑን የሚያበራውና የሚያጠፋው ሪሌ ይታይ። ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይና በረጅም መንገድ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የውሃ ፖምፓው አይገፋም። የላይኛው ቱቦ እያቃጠለ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ለውሃው እንደ ሙቀቱ መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት አልከፈት ብሎ ሊሆን ይችላል። የራዲያተር ክዳንም አትናቅ፤ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፣ ውሃው ይፈላል፣ ጥፋቱ ወደ ጓርኒሲዮን ይላካል።

ጓርኒሲዮኑን በራሱ ለመፈተን ደግሞ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ አለ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ተደርጎ ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ፣ ከውሃው በላይ ያለው አየር የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። (ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ከፍቶ መጀመር ነው፤ የጋለ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊቱን ያቃጥላል።) ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ ቀለሙ ሲለወጥ በዓይኑ ያየ እንደሆነ ስለ ዋጋው ይከራከር ይሆናል፤ ስለ ሥራው ግን አይከራከርም። ቴስታታው ከወረደ በኋላም ልኬት አለ። ቀጥ ያለ ብረት በቁመት፣ በወርድና በሰያፍ ተጋድሞበት በሥሩ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ የብረት ቅጠል) ይገባል፤ አምራቾች የሚፈቅዱት መጣመም እንደ ሞተሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ይላጋል። ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን የተነጠፈበት ቴስታታ ተመልሶ ይመጣል። በብዙ ዘመናዊ ሞተር ላይ የቴስታታው ብሎኖች ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና አንዴ ከተፈቱ በአዲስ መተካት አለባቸው። ዋጋ ለማሳነስ የድሮውን መልሶ የሚያስር ጋራዥ ለደንበኛው አዝኖ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ስለ ፍሬን አጭር ነገር እንበል። ፍሬን ሲያዝ መሪ የሚያንቀጠቅጥ መኪና «ዲስኩ ተጣሟል» ይባልና አዲስ ይገባለታል። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ይመለሳል። ዲስኩ የሚያርፍበት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ላይ ያለው ዝገት ስላልተጠረገ አዲሱም ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፤ በየዙሩ የፍሬን ሸራውን እየነካ የዲስኩ ውፍረት ቦታ ለቦታ ይለያያል። ለመንቀጥቀጡ ጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ይበቃል። ዝገቱ ተፍቆ፣ ዲስኩ ታስሮ፣ መወላገዱ የሰዓት መልክ ባለው መለኪያ ሲታይ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ሸራውም 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል። እነዚህ ቁጥሮች ደረሰኙ ላይ ቢጻፉ ምን ይጎዳል?

ይህ ሁሉ ልኬት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ቅሬታችን ወደ ደንበኛውም የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ለክቶ ጥፋቱን ላገኘ ባለሙያ «ገመድ ነው ያጸዳኸው፣ ምን ያስከፍላል?» የሚል ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ ዲናሞ ይሸጥለታል። ምርመራ በነፃ በሚደረግበት ጋራዥ የምርመራው ዋጋ ዕቃው ላይ ተደብቋል። ጋራዡ የሚያተርፈው ከዕቃ ብቻ ከሆነ ዕቃ መሸጡ አይቀርም። የምርመራ ክፍያ ለብቻው ቢቆረጥ፣ ውጤቱም በወረቀት ቢሰጥ ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ወደፈለገበት ይሄዳል።

ዋጋ ሲነገር በጽሑፍ ይሁን። ዕቃው የማን ሥራ እንደሆነ ይጠቀስ፤ ከመኪናው አምራች የመጣ፣ የሌላ አምራች ወይስ ከሌላ መኪና የተፈታ? የሥራው ሰዓት ስንት ነው? ሲፈታ ሌላ ነገር ቢገኝ እስከ ስንት ድረስ ያለ ስልክ መቀጠል ይቻላል? ደንበኛው በስልክ «ቀጥል» ካለ ሰዓቱ እዚያው ይመዝገብ። ሁለት ሰዓት ለፈጀ ሥራ የሦስት ሰዓት ሲከፈል ደንበኛ ይቆጣል። ለየሥራው አስቀድሞ በተቆረጠ ሰዓት ማስከፈል በሙያው የተለመደ ነው፤ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር የሚሆነው ተደራራቢ ሥራ ሁለቴ ሲቆጠር ነው። በብዙ መኪና ላይ የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ዘንጎች አጣጥሞ የሚያዞረው ቀበቶ) ሲቀየር የውሃ ፖምፓው አብሮ ይጋለጣል፤ ፖምፓውን ለመቀየር የሚጨመረው ሥራ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሁለቱንም ለየብቻ እንደተፈቱ አድርጎ የሚያስከፍል ጋራዥ አለ።

ስለ መዘግየት የሚባለው «ዕቃ አልተገኘም» ብዙ ጊዜ «የተሳሳተ ዕቃ መጣ» ማለት ነው። ዕቃ በሞዴልና በዓመት ብቻ ሲታዘዝ ይሳሳታል፤ አምራቾች በአንድ ዓመት መካከል ፍሬኑን ወይም ዲናሞውን ሊለውጡ ይችላሉ። መታዘዝ ያለበት 17 ፊደልና ቁጥር ባለው የሻንሲ ቁጥር ነው። አሮጌው ተፈቶ፣ ናሙናው ተይዞ፣ መኪናው አየር ላይ ተሰቅሎ የሚጠበቅ ከሆነ ማንሻውም ተይዟል፤ ከኋላው ያሉት መኪኖች ሁሉ ይዘገያሉ። ዕቃው እጅ ሳይገባ የሚነዳ መኪና መፍታት የለበትም።

ደንበኛም የራሱ ድርሻ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መኪናው ከልክ በላይ ሞቆ እያለ 20 ኪሎ ሜትር መነዳቱን፣ ሌላ ሰው ከፍቶት እንደነበር፣ ከመንገድ ወጥቶ እንደነበር የሚደብቅ ሰው መካኒኩን ወደተሳሳተ ቦታ ይልከዋል። ርካሽ ዕቃ ራሱ ገዝቶ የሚያመጣም ዕቃው ቢበላሽ የማስቀየሪያ የእጅ ሥራ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይስማማ።

መኪናው ሲወጣ አሮጌው ዕቃ በካርቶን ይሰጥ ወይም ቢያንስ ይታይ። አንዳንድ ዕቃ አሮጌው ለአቅራቢው ተመላሽ ይሆናል፤ ያም ቢሆን ደንበኛው ካየ በኋላ ነው። ዘይት ከተቀየረ ሞተሩ ተነስቶ፣ ጠፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ልኩ ይታይ። ከላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት በኮሎው (በሞተሩ ዋና ዘንግ) እየተመታ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። የዘይት ፊልትሮ ሲፈታ የአሮጌው ላስቲክ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለት ላስቲክ ይደራረባል፣ ግፊት ሲመጣ ተገፍቶ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይፈስሳል። በጣት መዳሰስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የጎማ ዳዶ በአየር መፍቻ ተጠርንፎ መተው የለበትም። የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ መጽሐፉ በሚለው ልክ ይታሰር፤ ለብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳግም እንዲታይ ለደንበኛው ይነገረው፤ ደረሰኙ ላይም ይጻፍ።

ችግሩ ተመልሶ ቢመጣ መጀመሪያ የሠራው ጋራዥ ሳይነካካ እንዲያየው ዕድል ይሰጠው፤ ሌላ ቦታ ተፈቶ ከመጣ ማን እንዳበላሸው መለየት አይቻልም። በመግባባት ካላለቀ ሌላ ባለሙያ ምንም ሳይፈታ ለክቶ ንባቡን በጽሑፍ ይስጥ፤ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጡ። ዋስትናው ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የእጅ ሥራውንም ይጨምራል፣ ለስንት ወር ወይም ለስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚለው ደግሞ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ደረሰኙ ላይ ይስፈር።

ከአክብሮት ጋር
በመኪና ጥገና ሙያ የተሰማሩ አንባቢዎቻችሁ